አንዴ ብቻ ነው የጠየቁኝ

ረዲን ስሰድበው ከርሜያለሁ። በሆዴ ነው እንጂ ፊቱ ላይማ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣኝም። አሁን ሳስበው ግን ረዲ ምን ያድርግ? ሰው አልችልም ሲለው አይችልም ብሎ የሚያምን ልጅ ነው። እንደሱ ያለ ሰው በእኛ አገር መኖሩን ማን ነገረኝ?

ያደግኩት አዋሽ ሰባት ነው። እናቴ እናትነሽ ለጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ምግብ ትሸጣለች። ቤታችን ሰው ጠፍቶበት አያውቅም፤ አንዱ ሽሮ ይላል፣ አንዱ ውሃ ይላል፣ ረዳቱ ከውጭ ሆኖ "ጌታዬ እንሂድ እንጂ" እያለ ይጮሃል። ልጅ ሆኜ ዝም ያለ ቤት እመኝ ነበር። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ምኞቴ ደረሰልኝ፤ ምነው ባልደረሰ።

ዶርም ውስጥ ስድስት ነበርን። አምስቱ በመጀመሪያው ሳምንት ተጣምረው አለቁ፤ ሁለቱ የአንድ አገር ልጆች ናቸው፣ ሦስቱ አንድ ክፍል ይማራሉ። እኔ ተረፍኩ። ክፉዎች እንዳይመስሏችሁ። ሰላም ይሉኛል፣ ቻርጀር ይዋሱኛል፣ ሲያመኝ ሎሚ ገዝተውልኛል። ግን ጫማቸውን አድርገው "እንሂድ" ሲሉ እኔን ማለታቸው አይደለም። ይሄን ለማን ይነግሩታል? ቢመቱኝ እከሳለሁ፤ ባይጠሩኝ ለማን አቤት እላለሁ?

ሰው ፍለጋ ቲያትር ክበብ ገባሁ። ትወና አልችልም፤ መድረክ ላይ ስወጣ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል። ስለዚህ ወንበር ደረደርኩ፣ የተዋንያን ልብስ ተኮስኩ፣ በር ላይ ቆሜ ተመልካች አስገባሁ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆንኩ። ተዋንያኑ ልምምድ ሲያልቅ ብትን ይላሉ። የማይበተነው ኮሚቴው ነው። ከአዳራሹ ጀርባ አንዲት ክፍል አለቻቸው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አምስት ወንበርና የሚሠራ ቬንትሌተር። ከሰዓት በኋላ የሰመራ ፀሐይ አናት ስትበሳ አምስቱ እዚያ ገብተው ይውላሉ። ስብሰባ ይሉታል እንጂ አብዛኛው ወሬ ነው። በመስኮቱ አጠገብ ሳልፍ ሲስቁ እሰማለሁ።

ኮሚቴ መግባት የፈለግኩት ለሥልጣን አይደለም። ለምስክር ወረቀትም አይደለም። አምስት ሰው ባለበት አንዱ ሲጎድል ይታወቃል፤ "እሷስ የታለች?" ይባላል። ከዚያ ሁሉ ሺህ ተማሪ መሀል አንድ ሰው እንዲያ ብሎ እንዲጠይቅልኝ ነው የፈለግኩት።

ምርጫው ኅዳር ላይ ሆነ። ረዲ ሰብሳቢ ሆኖ ተመረጠ። የአሳይታ ልጅ ነው፤ አባቱ ገበያው ውስጥ ሱቅ አለው፤ ሲናገር አጭር ነው፣ ሰዓት ማየት ይወዳል። አዳራሹን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልንለቅ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ በሉ አለ። "ለጸሐፊነት ጥቆማ።"

ቻላቸው እጁን አወጣ። በየቲያትሩ ሽማግሌ ሆኖ የሚጫወተው፣ ያን ቀን ቀድሞ ኮሚቴ የተመረጠው ልጅ ነው። "እኔ ንጋትወርቅን እጠቁማለሁ። ከማንም ቀድማ ትመጣለች፣ ከማንም ኋላ ትሄዳለች። ጽሑፏም ያምራል።"

ስሜን ማወቁ ራሱ ገረመኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደስታዬ ከአፌ ሊያመልጥ ሲል የእናቴ አስተዳደግ ቀደመው። በእኛ ቤት ብላ ሲሉህ መጀመሪያ "በልቻለሁ" ነው። ሁለተኛ ሲሉህ "ኧረ ጠግቤያለሁ" ትላለህ። ሦስተኛ "በሞቴ" ሲመጣ ያኔ እጅህን ትታጠባለህ። ያልተግደረደረ ሰው ርቦት የመጣ ይመስላል። እኔ ደግሞ በጣም ርቦኝ ነበርና እንዳይታወቅብኝ ፈራሁ።

"ኧረ እኔ አልችልም። ከእኔ የተሻለ ሰው ይመረጥ" አልኩ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ።

እንግዲህ እዚህ ላይ "ኧረ ትችያለሽ" ይባላል። ቻላቸው ሊለው አፉን ሲከፍት አይቼዋለሁ። ረዲ ግን ሰዓቱን አይቶ ነበር።

"ስለ ግልጽነትሽ እናመሰግናለን። ሌላ ጥቆማ?"

ሌላ ጥቆማ። ኮከብ የምትባል የፋርማሲ ተማሪ ተጠቆመች። ተነስታ "እችላለሁ፣ ደስ ይለኛል" አለችና ተቀመጠች። እንዲህም ይባላል ለካ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ሲግደረደሩ ጦም ማደር የሚባለው ይሄው ነው። ምላሴን ምነው በቆረጠው እያልኩ ወንበሮቹን ብቻዬን ሰበሰብኩ።

አመሻሹ ላይ ለእማዬ ደወልኩ። ሳምንት ሙሉ የምርጫውን ወሬ ስነግራት ስለከረምኩ ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰችኝም።

"እህ፣ መረጡሽ?"

"አዎ" አልኩ። ለምን እንዳልኩ አትጠይቁኝ። ድምፅዋ ውስጥ ደስታው ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ እሱን ማውጣት አቃተኝ።

"ምን አደረጉሽ?"

"ጸሐፊ።"

እልልታዋ ጆሮዬን ሊበሳው። ጎረቤት ስትጠራ ሰማሁ። በማግስቱ ሾፌሮቹ ሁሉ አወቁ፤ አንዱማ እዚሁ ሰመራ አጠገብ ሎጊያ ቆሞ "ጸሐፊዋ፣ እናትሽ በርበሬ ልካልሻለች፣ ነይ ውሰጂ" ብሎ ደወለልኝ። ውሸት አንዴ ከወለዱት ማብላት ነው። በየሁለት ቀኑ ስደውል "ዛሬስ ምን ወሰናችሁ?" ትለኛለች፤ እኔ እወስንላታለሁ። "ጓደኛ አፈራሽ ወይ?" ስትለኝ ቶሎ የመጣልኝን ስም ጠራሁ። ኮከብ አልኳት። ኮከብ ሳቂታ ናት፣ ኮከብ አብራኝ ታጠናለች፣ ኮከብ ቡና አትወድም። ከኮከብ ጋር በሕይወቴ ያወራሁት "አዳራሹ ተከፍቷል?" "አልተከፈተም" ነው።

ሚያዝያ ላይ ክበቡ ስለ ትራፊክ አደጋ የሠራውን ቲያትር አዋሽ ወስዶ ለሾፌሮች ሊያሳይ ተነሳ። አዳራሽ የሚያፈላልግ ሰው ሲጠፋ ቻላቸው "ንጋትወርቅ የአዋሽ ልጅ ናት" አለ። ረዲ መንገድ ላይ አስቆመኝ።

"ኮሚቴ ባትሆኚም ትረጂናለሽ?"

እሺ አልኩ። ዶርም ስደርስ እማዬ ትዝ ብላኝ ክው አልኩ። ቤት ሳልደርስ ልመለስ አስቤ ነበር፤ ግን የአዳራሹን ኃላፊ የምታውቀው እሷ፣ ያስፈቀደችልን እሷ። "ኮሚቴሽን ይዘሽ ለምሳ ካልመጣሽ እናት አለኝ እንዳትዪ" አለችኝ። አስከትላም ከመሀላችሁ እስላም አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አውቶቡስ ያዝን፤ አምስቱ ኮሚቴና እኔ። እነሱ ሦስትና ሁለት ሆነው ከፊትና ከኋላ ተቀመጡ። እኔ ማዶ፣ ሻሹን ፊቱ ላይ ጥሎ ከሚተኛ ሰውዬ አጠገብ። ሚሌን አለፍን፣ ገዋኔን አለፍን። መንገዱን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳዘጋጅ ነበር፤ "ኮከብ፣ እናቴን ዋሽቻታለሁ፣ እባክሽ አታጋልጪኝ።" አንዴ ብነሳ በቂ ነበር። ገዋኔ ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ ጠጋ አልኳት። "ሙቀቱ አይቻልም አይደል?" አለችኝ። "አይቻልም" አልኳት። በቃ፣ አዋሽ አርባ ደረስን፤ ከዚያ ወዲያ የቀረችው ትንሽ ናት።

አዳራሹን አይተን ቤት ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። እማዬ አዲስ ቀሚሷን ለብሳለች። ረዲም ከእኛው ጋር ከአንድ ትሪ እንዲበላ ብላ ሥጋ የሚባል አልሠራችም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች። ሁሉንም አገላብጣ ሳመች። ኮከብ ጋ ስትደርስ ጉንጯን ይዛ ቆመች።

"አንቺ ነሽ ኮከብ? ስላንቺ ያልሰማሁት የለም እኮ። ቡና አትወጂም አይደል?"

ኮከብ ቡና ትወዳለች። ኮሚቴ ክፍል ውስጥ ፔርሙዝ ይዛ የምትዞረው እሷ ናት። እኔን አየችኝ። ወለሉን አየሁ።

"በሉ ተቀመጡ። ጸሐፊዋ፣ እንግዶችሽን አስታጥቢ እንጂ" አለች እማዬ።

ኮከብ ለእሷ የተባለ መስሏት ብድግ አለች።

"ኧረ ቁጭ በይ የኔ ልጅ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ። ልጄን ነው።"

ኮከብ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ገብቷታል። ቻላቸውም ገብቶት ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ረዲ ግን ረዲ ነው።

"እማማ፣ ጸሐፊዋ ኮከብ ናት" አለ፣ ስህተት እንደሚያርም ሰው። "ንጋትወርቅን ጠቁመናት ነበር፤ አልችልም አለች።"

እማዬ የውሃ ማስታጠቢያውን እንደያዘች እሱን አየችው።

"ስንቴ ጠየቃችኋት?"

"ምን ማለት ነው ስንቴ?"

"ስንቴ ጠየቃችኋት ነው የምልህ።"

"አንዴ። ወላሂ አንዴ ብቻ ነው።"

"አንዴ?" አለች እማዬ። "ልጄ፣ ውሻ እንኳን ሁለቴ ይጠራል።"

ሳቁ ፈነዳ። ቻላቸው ትሪው ላይ ሊደፋ። ረዲም ሳቀ፤ ሲስቅ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም ሳቅኩ፤ በዚያው ያልፋል ብዬ። እማዬ ግን ሳቁ ሳያልቅ ወደ እኔ ዞረች።

"ታዲያ ጸሐፊ ሆንኩ ያልሽኝ?"

መንገዱ ላይ የከባድ መኪና ፍሬን ሲተነፍስ ይሰማል።

"እትዬ፣ እኛ እኮ ሁለት ነን" አለች ኮከብ ፈጠን ብላ። "እኔ ዋና ነኝ፣ እሷ ምክትል። ብዙውን ሥራ የምትሠራው እሷ ናት።"

እግዜር ይስጣት። እንዲህ ያለ ልጅ መሆኗን በስድስት ወር ውሸቴ ውስጥ እንኳ አልገመትኳትም። እሺ ብል ያበቃል፤ እንበላለን፣ እንስቃለን፣ ሰመራ እንመለሳለን፣ ነገ ደግሞ ለእማዬ ደውዬ ሌላ ነገር እወስናለሁ። ደከመኝ። ትሪውን ከበው የተቀመጡትን አምስቱን አየኋቸው።

"አይደለሁም" አልኩ። "ምክትልም አይደለሁም። ዋሽቼሽ ነው እማዬ። ኮከብም ጓደኛዬ አይደለችም፣ ስሟን ነው የማውቀው። እዚያ ማንም የለኝም። ምሳም ራትም ብቻዬን ነው የምበላው።"

ብቻዬን ነው የምበላው ማለት በእማዬ ቤት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጠችው። ጎንበስ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ረዲ እጁን ከትሪው ጠርዝ ላይ አነሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን አላየም።

"እኔ የማትፈልጊ መስሎኝ ነው" አለ። "በደንባችን ምክትል ጸሐፊ የሚባል የለም። ግን ደንቡን የጻፍነው እኛው ነን፤ እንጨምራለን። ትገ..."

"እገባለሁ" አልኩ። አላስጨረስኩትም። "እፈልጋለሁ። በጣም እፈልጋለሁ።"

ማንም አልሳቀብኝም። ቻላቸው "እደግፋለሁ" አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። ኮከብ ተጠግታ በአጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ዓመት ከመንፈቅ የለመንኩት ነገር ነው፤ በአንድ ደቂቃ አለቀ። ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ተከትያት ጓዳ ገባሁ።

እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ያላለቀ ወጥ እንዳለ ሁሉ ድስቱን ታማስላለች። ድስቱ ባዶ ነበር።

"ኮሚቴ አስገቡኝ" አልኳት።

"ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለሽ።" ማማሰሏን አልተወችም። "ጸሐፊነቱስ ይሁን፣ ሰው ይዋሻል። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ስትደውዪልኝ ከኋላሽ ሰው ይሰማኝ ነበር። ይስቃሉ፣ ይጠራራሉ፣ ሰሃን ያንኳኳሉ። ልጄ በሰው መሀል ናት ብዬ ያንን ሰምቼ ነው የምተኛው። እነማን ነበሩ?"

"የተማሪ ካፌው በር ላይ ቆሜ ነበር የምደውልልሽ" አልኳት። "ድምፃቸው እንዲሰማሽ ብዬ።"

ዞራ አየችኝ። "አንዳቸውንም አታውቂያቸውም?"

"አላውቃቸውም፣ እማዬ።"