ሬንጅና ዘይት

በካናዳ፣ በጋስፔዚ ጠረፍ ጥቅምት ሲገባ ወንዶቹ ከመኪናቸው ሥር ይጠፋሉ። በረዶው ሳይወርድ፣ መንገዱ ላይ በረዶ የሚያቀልጠውና ብረት የሚበላው ጨው ሳይበተን፣ ሁሉም በየግቢው ፒካፑን በክሪክ አንስቶ ሆዱን ዘይት ይቀባል። ከዚያ ወደ ጫካው የሚወስደውን የጠጠር መንገድ ይዞ ይከንፋል፤ አቧራው ዘይቱ ላይ ተለጥፎ እንዲይዝለት። በዚያ ሰሞን መኪናውን ያጠበ ሰው የመንደሩ መሳቂያ ነው። ይህን ሁሉ የናቀ ደግሞ በሚያዝያ በወለሉ ቀዳዳ አስፋልት እያየ ይነዳል።

አደላርድ ግን ዘይትና አቧራ አይወድም። እሱ የሚወደው ሬንጅ ነው። ለጣሪያ የሚሆነውን ወፍራም ጥቁር ሬንጅ በየዓመቱ ሰማያዊ ፒካፑ ሥር ያለ ስስት ይለስናል፤ ሲጨርስ ሆዱ ያብለጨልጫል። ዘይት የጠላው ዘይት ክፉ ሆኖበት አይደለም። ታናሽ ወንድሙ ሌአንድር ስለሚቀባ ነው።

ነገሩ የጀመረው አባታቸው የሞቱ ጊዜ ነው። ቤቱን ለአደላርድ፣ አረንጓዴዋን ፒካፕ ለሌአንድር ተናዘዙ። “ሌአንድር ከሥሯ ይገባላታል” አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቤት ያገኘ ሰው በአሮጌ ፒካፕ ይቀናል? አደላርድ ቀና። አባቱ ቤት ውስጥ ተኝቶ የአባቱን ፒካፕ ያስባል። ሌአንድር በደጁ ባለፈ ቁጥር አንጀቱ ያርራል፤ ያቺ አሮጊት ዛሬም የዝገት ቀዳዳ የላትማ! ሌአንድር ይህን ሲነግሩት “ምቀኛ አታሳጣኝ ነው” ብሎ ይስቃል፤ ቂም አያውቅም። ይህም አደላርድን ያናድደዋል።

በዚህ ዓመት የአደላርድ ልጅ ማሪዝ በጠረፉ ሌላ ጫፍ ባለ ሆስፒታል በነርስነት ተቀጠረች። የበረዶውን ወራት ሙሉ በዚያ የጨው መንገድ መመላለስ አለባት።

“የኔን ትወስጃለሽ። ከማንም መኪና ይበልጣል” አላት። “ማንም” ማን እንደሆነ እሷም ታውቃለች።

ከመስጠቱ በፊት ለማስመርመር መካኒኩ ኦኔዚም ጋራዥ አስገባው። ሌአንድርም ጎማ ሊያስቀይር መጥቶ እዚያው ነበር። ኦኔዚም ፒካፑን ሰቅሎ በሬንጅ የተለሰነውን የበሩን ደፍ በካቻቢቴ ነካ አደረገው። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ሲነቅለው ቡናማ ውሃ ጫማው ላይ ተንዠቀዠቀ።

“ላዩ ሙሽራ፣ ውስጡን ለቄስ!” አለ ኦኔዚም ወደ ኋላ እየዘለለ።

ሌአንድር ቀና ብሎ አየ። “የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን በሬንጅ ደፈንካቸው እንዴ?”

“ውሃ እንዳይገባ ነዋ!”

“ውሃማ በበሩም በመስኮቱም ይገባል። አንተ የከለከልከው መውጫውን ነው። ያንተስ መውጫ እንዲህ ቢደፈን ሳምንት ትቆያለህ?”

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ኦኔዚም እንባውን እየጠረገ “ሻንሲውም ተበልቷል አደላርድ። ልጅህን በዚህ እንዳትሰዳት” አለው።

አደላርድ ሳቁን ይችለው ነበር። ያልቻለው ሌአንድር ሳቁን አቁሞ በሐዘኔታ ሲያየው ነው።

ቅዳሜ ሌአንድር በጓደኛው መኪና አጋዘን አደን ወጣ። አረንጓዴዋ ዘይቷን ተቀብታ በሌአንድር ግቢ ቆማለች። አደላርድ የተረፈውን ሬንጅ ይዞ በጀርባው ተንሸራቶ ከሥሯ ገባ። ያየው ነገር ይበልጥ አቃጠለው፤ ከፋብሪካ የወጣችበት ቀለም እንኳ ሳይለቅ አለ። እያንዳንዷን የውሃ መውጫ ሬንጁ እንዲይዝለት በጨርቅ ጠረገና ደፈናት። ለራሱ መኪና እንዲህ ተጠንቅቆ አያውቅም።

“አንቺም ቅመሽው” አላት።

ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛ። የሰው ነገር እንዲህ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሌአንድር ፒካፗን እየነዳ መጣ። አደላርድና ማሪዝ በረንዳው ላይ ነበሩ። ሌአንድር ወርዶ ቁልፉን ለወንድሙ ዘረጋለት።

“ለማሪዝ ናት። ግን ከአባቷ እጅ ትቀበል ብዬ ነው።”

“ምን?” አለ አደላርድ።

“ዕድሜዬን ሙሉ ከሥሯ ተኝቼ ዘይት ስጠጣ ኖርኩ፤ ሰለቸኝ። ከእንግዲህ ተራው ያንተ ነው። ዘይቷን ቀብቻታለሁ፣ የቀራት አቧራ ብቻ ነው። በሉ አሁኑኑ የጠጠሩን መንገድ አብራችሁ ውሰዷት።”

“አጎቴ! ዕድሜህን ያርዝመው!” ማሪዝ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ዘላ ገብታ በሩን ዘጋች። “አባዬ፣ ቁልፉን አምጣ እንጂ! ምን ይገትርሃል?”

አደላርድ ስንት ዓመት የተመኘውን ቁልፍ ጨብጦ ደርቆ ቀረ። ወለሉ ከእግሯ ሥር እየበሰበሰ ልጁ በጨው መንገድ ስትከንፍ ታየው። መውጫዎቹን ሌላ ቀን በድብቅ ሊከፍታቸው አሰበ። ግን አቧራው ዘይቱም ሬንጁም ላይ ከተለጠፈ በኋላ ቀዳዳው የት እንደነበር ማን ያገኘዋል?

“ቆይ!” አለ። ካቻቢቴ አምጥቶ የቅዳሴ ልብሱን እንደለበሰ ከሥሯ ገባ።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት የሬንጅ ጓል ሌአንድር ጫማ አጠገብ ወደቀች። ሌላም ተከተለች። ሌአንድር አንስቶ በጣቶቹ መሐል አሻት፤ ገና ለስላሳ ናት። ፊቱ ተለወጠ።

ማሪዝ በመስኮት ብቅ አለች። “ምን እያደረገ ነው?”

“የውሃ መውጫዎቹን እየከፈተ።”

“አንተ መቼም አትደፍናቸው። ማነው የደፈናቸው?”

ሌአንድር ጓሏን መዳፉ ውስጥ ጨበጣት። “እኔ ሳልሆን አልቀርም። እርጅና መጣ መሰለኝ” አለ።

አደላርድ ከሥር ሰማ። ያ የድሮ ቅናት ተነሳበት፤ ሌአንድር ፒካፗን ወሰደ፣ ደግነቱን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ጥፋቱንም ሊወስድበት ነው!

“ውሸቱን ነው!” ብሎ ጮኸ። “እኔ ነኝ ማሪዝ። ትናንት ነው የደፈንኳቸው፣ እኔ ነኝ።”