የታጠቡት ቀለሃዎች

የቤቴል ጩኸት ከምድር ቤት ተነሥቶ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ተሰማ። ሳሎን የተቀመጡት ለቀስተኞች መዝሙሩን አቋረጡ። «አባቷ ትዝ ብሏት ነው» አለች አንዷ፤ ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። ኂሩት ተነሥታ ወረደች። ደንግጣ አይደለም። ባሏ ዘበነ ከሞተ ጀምሮ አራት ቀን ሙሉ ተነሺ ሲሏት እየተነሣች፣ ተቀመጪ ሲሏት እየተቀመጠች ነበርና ጩኸቱም እንደዚያው ወሰዳት።

ስዊዘርላንድ፣ ኡስተር ከተማ ያለው የኪራይ ሕንጻ ለየቤተሰቡ አንዳንድ ጠባብ ክፍል ምድር ቤት ይሰጣል። ሰው አሮጌ ሻንጣና የበረዶ ጫማ ያስቀምጥበታል። ዘበነ ግን ጠረጴዛ አስገብቶ፣ የተተኮሰ የጥይት ቀለሃ መልሶ የሚሞላበትን ብረት በላዩ አስሮ፣ ቅዳሜን እዚያ ይውል ነበር። መደርደሪያው ላይ ስድስት የእርጎ ብርጭቆዎች ነበሩት። አንድ ጊዜ የተተኮሰው ቀለሃ በአንደኛው፣ ሁለት ጊዜ የተተኮሰው በሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ ስድስት። ከስድስት ያለፈውን ይጥለዋል።

አሁን ብርጭቆዎቹ ታጥበው ተደፍተዋል። ቀለሃዎቹ ሁሉ አንድ ሳፋ ውስጥ ገብተው ያብረቀርቃሉ።

«በሎሚና በሳሙና ነው ያሸኋቸው» አሉ እትዬ ትርፍነሽ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እያደረቁ። ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ሰፈር ያለችው ትንሿ የጸሎት ጉባኤያቸው ትልቅ እናት ናቸው። ለቅሶ ቤት ከገቡ ማድቤቱንም መታጠቢያ ቤቱንም ተረክበው ሐዘንተኛው ጣቱን እንዳያነሣ ያደርጋሉ። ዛሬ ፎቁ ላይ የሚታጠብ ሲያልቅባቸው ወደ ታች ወርደዋል። «እንዲያ ጠቁረው ሳይ አንጀቴ አልችል አለ። ለቀብሩ ቀን ከፎቶው ሥር ብናደርጋቸው ብዬ…»

«ማሚ፣ አሌስ፣ ሁሉም ተደባልቋል!» አለች ቤቴል። «የትኛው ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ማንም አያውቅም። ሩዲ ጋ ደወልኩ፣ ሁሉንም ጣይው አለኝ። የደከመ ቀለሃ ጠመንጃ ውስጥ ይቀደዳል፣ ገፌርሊሽ፣ አደገኛ ነው።» ሩዲ የአባቷ የአደን ጓደኛ ነው። «ፓፓ እኮ ለእኔ ነው ያስቀመጣቸው!»

እውነቷን ነው። ቤቴል የአደን ፈተናውን በመጸው አልፋለች። በሚቀጥለው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ አባትና ልጅ አብረው በሞሉት ጥይት ሊሆን ነበር። ዘበነ ለልጁ የሚያወርሰው የእጅ ሰዓት እንኳ አልነበረውም። ያለው ይኸው ሳፋው ውስጥ ነው።

የእትዬ ትርፍነሽ ፊት ተለዋወጠ። «ኂሩትዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም» አለች ኂሩት። ለይሉኝታ ብላ አይደለም፤ በእውነት ምንም አልተሰማትም። ሰውነቷ የሌላ ሰው ነበር።

ይህች ጉባኤ በዘበነ አደን ብዙ አምታለች። የማይበላ አውሬ ለምን ይገድላል ተብሎ አንድ እሁድ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቧል። «እከክ የያዛት ቀበሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ነበር መልሱ። ፀጉሯ አልቆ፣ ዓይኗ ተጣብቆ፣ በበረዶ ላይ ለሳምንታት ስትንቀጠቀጥ የሚያዩ ገበሬዎች ይደውሉለታል፤ እሱም ሄዶ ይገላግላታል። ሽማግሌዎቹ አይተው ስለማያውቁ ጸልየው አሰናበቱት።

ዙሪክ ጥይት ሊመርጥ የሄደ ቀን ኂሩት አብራው ነበረች። ሻጩ ባሩዱ የበዛ ረጅም ጥይት አወጣላቸው፤ አራት መቶ ሜትር ላይ ቀበሮ ይጥላል አለ። ዘበነ ትንሿን፣ ሁለት መቶ ሃያ ሁለት የሚሏትን አነሣ።

«አራት መቶ ሜትር ላይ ያለችው ቀበሮ ምን አድርጋኛለች?» አላት በአማርኛ። «እኔ ተጠግቼ ነው የምተኩሰው። ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ትከሻ የማትመታ፣ ሁልጊዜ እዚያው የምታርፍ ትሁን። ቀበሮዋ ሳታውቀው ነው መሄድ ያለባት።»

መልሶ መሙላቱንም የጀመረው ለዚሁ ነው። አንዷ ጥይት ከሌላዋ የፀጉር ያህል እንኳ እንዳትለይ።

እሱም የሄደው ሳያውቀው ነው። ትራም በሚያጥብበት ዲፖ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ጫማውን እያሰረ ልቡ ቆመች። ሐኪሙ እንዲያ አላት፣ ለቀስተኛውም እየተቀባበለ መጽናኛ አደረገው። እሱስ አለማወቁ ደግ። እሷ ግን ተኝታ ስለነበር ደህና ዋል እንኳ አላለችውም።

ቤቴል ሳፋውን አነሣች። «ልጣለው?»

«አስቀምጪው» አለች ኂሩት። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ሩዲ የሚያውቀው ቁጥር ነው። አባትሽ ቁጥሩን ብቻ አምኖ አያውቅም።»

ጠረጴዛው ጋ ቁጭ አለች። መሳቢያውን ስባ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አወጣች። የዘበነ ጣቶች ሃያ ዓመት ሙሉ በግፊት ውሃ ትራም ሲያጥቡ ደንዝዘው ነበር፤ መርፌ ቢወጋቸው አያውቁም። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ይጠራትና ሽቦውን ቀለሃው ውስጥ አስገብታ ታች፣ ከሥሩ ከፍ ብሎ ያለውን የውስጥ ግድግዳ ትዳስስለታለች። ብረቱ የሳሳ እንደሆን ሽቦው ያዝ ያደርጋታል። ቤቴል እናትና አባቷ ምድር ቤት ወርደው የሚያወሩ ይመስላት ነበር።

«ደህና» አለች ኂሩት፣ የመጀመሪያውን ቀለሃ አንድ ብርጭቆ አቅንታ እየጣለች። «ደህና። ይሄም ደህና።»

ፎቅ ላይ መዝሙሩ እንደገና ተጀመረ። እትዬ ትርፍነሽ ከበሩ ሳይነቃነቁ፣ ቤቴልም ከጎናቸው ቆማ ያዩ ነበር። አሥር ይሆናሉ ዳስሳ ካስቀመጠች በኋላ ሽቦው ያዘ። መለስ አድርጋ ደገመችው፤ ያዘ።

«ደክሟል» አለችና፣ ዓይኗን ከሳፋው ሳትነቅል ቀለሃውን በግራዋ ወዳለው የዘበነ ባዶ ወንበር ዘረጋችው።

ቤቴል ልትቀበላት ስትል እትዬ ትርፍነሽ ክንዷን ያዝ አደረጉ። ኂሩት ጠበቀች። አንገቷ ቀስ እያለ ጎነበሰ፣ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እጇን ግን አልመለሰችም።