ከአሸዋው እንዳትወጡ

ፕሮግራሙ ማንም ተማሪ ተገዶ የሚገባበት አልነበረም። ውጤት የለውም፣ ትራንስክሪፕት ላይም አይጻፍም። ልጁ በራሱ ፈቃድ ይመዘገብና ስድስት ወር ሙሉ ራሱን የሚያሻሽልበት ሥራ ይሠራል፤ ሰው ያገለግላል፣ አንድ ሙያ ይማራል፣ ስፖርት ያዘወትራል። መጨረሻ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሁለት ቀን በእግሩ ይጓዛል። ሁሉንም ለጨረሰ ወልድያ ላይ የነሐስ ሜዳሊያ ይሰጠዋል።

ልጄ ሶስና ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሆና ገባችበት። ለአገልግሎቱ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ገብታ የበሽተኛ ካርድ ስትፈልግ ከረመች። ለስፖርቱ ማለዳ ማለዳ ትሮጣለች። ሙያውን ለመማር የመጣችው ግን እኔው ዘንድ፣ መርሳ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ጋራዤ ነው።

«ደሞዜ፣ ሴት ልጅህን ብየዳ ልታስተምር ነው?» አለኝ አንድ ሾፌር።

«ፍሬንህን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለችው እሷ ቀና ሳትል፣ «ለዛሬ ቀስ ብለህ ንዳ።»

ሦስቱን ጨረሰች። የቀራት ጉዞው ብቻ ነበር።

ፕሮግራሙን የያዘው መምህር ብሩክ የጎጃም ልጅ ነው፤ መርሳ ከመጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። በ2015 ሚያዝያ ውስጥ፣ የእኛም የእስላሞቹም ጾም እስኪፈታ ተብሎ ጉዞው ሁለት ጊዜ ከተላለፈ በኋላ፣ ካርታ ይዞ ጋራዥ መጣ። ሶስናና ጓደኛዋ ናጅዋ አብረውት ነበሩ።

«ጋሽ ደሞዜ፣ መንገዱን ራሳቸው ነው የሚመርጡት፣ ደንቡ እንደዚያ ነው» አለኝ። «እኔ ከኋላቸው አልሄድም፤ ማደሪያቸው ቀድሜ ደርሼ እጠብቃቸዋለሁ። ግን አገሩን የሚያውቅ ሰው አይቶት ይሁን ካላለ አልለቃቸውም።»

ልጆቹ የመረጡት መንገድ ከመርሳ ተነስቶ በማሳዎቹ መሃል፣ በኮረብታው ጥግ ጥግ ወደ ሐራ የሚወስደው ነው። መንገዱስ ጥሩ ነው። እኔ ራሴ በልጅነቴ ሄጄበታለሁ። ያን ቀን ግን ካርታውን ሳየው የታየኝ ሌላ ነገር ነው።

ጦርነቱ መርሳን ለቅቆ በሄደ በዓመቱ አንድ ገበሬ በማዳበሪያ ጆንያ የጠቀለለው ብረት ይዞ መጥቶ፣ ለበር መቀርቀሪያ እንድቆርጥለት ጠየቀኝ። መቁረጫውን አስነስቼ ብረቱን ስገልጠው ያልፈነዳ ተተኳሽ ነበር። ቀስ አድርጌ መሬት አስቀመጥኩትና ሁላችንም አስፋልቱን ተሻግረን ቆምን። ወታደሮች መጥተው እስኪወስዱት ድረስ ሰውየው «ማሳዬ ዳር ሞልቷል እኮ» እያለ ይከራከረኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሶስና ከመንገድ ወጣ ብላ ስትራመድ ሳይ ጮኼ እመልሳታለሁ።

«በዚህ አይሆንም» አልኩ። ጣቴን ካርታው ላይ ሳስኬደው የግራሶው ቅባት መስመር ጣለበት። «በደረቀው ወንዝ አሸዋ ሂዱ፤ እሱም ወደ ሐራ ነው የሚወርደው። ወንዙ በየዓመቱ ይጠርገዋል፣ እዚያ የተቀበረ ነገር አይቆይም። አሸዋው ላይ ሂዱ፣ ከአሸዋው እንዳትወጡ።»

«ጋሽ ደሞዜ፣ እንደ ግመል አሸዋ ላይ ሊነዱን ነው?» አለች ናጅዋ።

«ግመሏ በደህና ነው የምትገባው» አልኳት።

ሳቁ። ብሩክ አልሳቀም። «ውሃስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሦስት ሳምንት ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም፤ በልጉ ጠፋ ብሎ ሰው ሁሉ የሚያማርርበት ጊዜ ነው። «የምን ውሃ?» አልኩት። ሶስና ደብተሯን አውጥታ የደኅንነት ደንብ በሚለው ገጽ ላይ በተራ ቁጥር አንድ ‹ከአሸዋው አለመውጣት› ብላ ጻፈች።

ቅዳሜ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጡ፤ ሁለቱ ሴቶችና ሁለት ወንዶች የክፍላቸው ልጆች፣ አንዱ ሰይፈዲን የሚባል። እናቷ ይርጋለም ዳቦ ቆሎ ቋጥራላታለች። ሻንጣዋን ሳነሳላት እጄን ገፋችው።

«አባዬ፣ እንዳትከተለን።»

«ማን ይከተልሻል?»

«አውቅሃለሁ። በሞተር መጥተህ ከሩቅ ታየናለህ። ትልቅ ሰው ካገዘን ጉዞው ይሰረዝብናል። እንዳትመጣ።»

«አልመጣም» አልኳት። አልሄድኩምም።

እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ አንድ ኢሱዙ ሥር ተኝቼ ስሠራ ዋልኩ። ፀሐዩ ያቃጥላል። ከደጋው ድንች ጭኖ የወረደ ደጀን የሚባል ሾፌር መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ከመኪናው ሥር ሆኜ የሚታየኝ ጫማው ብቻ ነው። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነበር።

«ምን ነክቶህ ነው?» አልኩት።

«ላይ ቤት፣ ደጋው ላይ ጉድ ነው የወረደው። መንገዱ ላይ ሁለት ሰዓት አቆመኝ።»

«ዝናብ?»

«ዝናብ ትለዋለህ? በረዶውን በአካፋ ዝቀን ነው ያለፍነው።»

እጄ ላይ የነበረው መፍቻ ደረቴ ላይ ወደቀ። ከመኪናው ሥር ወጥቼ ወደ ምዕራብ አየሁ። ተራራው አይታይም፤ ቦታው ላይ ጥቁር ነገር ቆሟል። መርሳ ላይ ደመና የሚባል የለም። ሶስና ጋ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ስልካቸውን አጥፍተው በላስቲክ አሽገው ነው የሚይዙት፤ እሱም ደንብ ነው። ብሩክ ጋ ደወልኩ።

«ገና አልደረሱም» አለኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የምጠብቃቸው። ምነው?»

«ከወንዙ አስወጣቸው።»

«እንዴ፣ ከአሸዋው እንዳይወጡ ብለው አልነበር?»

ስልኩን ሳልዘጋ ሞተሬን አስነሳሁ።

በወንዙ ዳር በሚሄደው የጋሪ መንገድ ወረድኩ። መጀመሪያ አሸዋው ደረቅ ነበር፤ የአራት ሰው ዱካ ጎን ለጎን ይታየኛል። ደረስኩ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ድምፁን ሰማሁት። የሞተሬ መስሎኝ አጠፋሁት፤ ድምፁ ቀጠለ። ከኋላዬ ነው የመጣው። ጎርፉ ቡናማ ነበር፤ ከፊቱ ግንድና ቅጠል እየገፋ አለፈኝ። ዱካቸው ላይ ሄደ። ሞተሬን አስነስቼ ከጎኑ ነዳሁ። ውሃው ቀደመኝ።

ያገኘኋቸው የሰው ጩኸት ሰምቼ ነው። ናጅዋና ሁለቱ ወንዶች አፋፉ ላይ ከጦርነቱ የቀረ ምሽግ አጠገብ ተቀምጠዋል። አብዱልሐሊም የሚባሉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ለናጅዋ አልብሰው ቆመዋል። ሦስት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ።

«አራተኛዋስ?» አልኳቸው።

«ልጅህ ናት?» አሉኝ ሽማግሌው። «እኔ ከብት ይዤ ነበርኩ። ሲመጣ ሰማሁትና ውጡ፣ በዚህ ውጡ ብዬ ተጣራሁ። እነዚህ ወጡ። እሷ ምሽጉን አይታ ቆመች።»

ናጅዋን አየኋት። ጥርሷ ይንቀጠቀጣል።

«‹ምሽግ ነው፣ አትውጡ፣ አባዬ እንዳትወጡ ብሏል› አለችን። ሰይፈዲን ጎትቶኝ ወጣሁ። እሷ ምንም ያልተቀበረበት መውጫ እፈልጋለሁ ብላ ወደ ታች ሮጠች።»

«ምሽጉ ምንም የለበትም» አሉ ሽማግሌው፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል። «ዓመት ሙሉ ከብት የማሰማራበት ነው።»

በማግሥቱ እሑድ፣ ወንዙ ከጎደለ በኋላ፣ ከታች፣ ውሃው ከጣላት ቦታ አገኘናት።

ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ሳለን ከወልድያ፣ ከፕሮግራሙ ቢሮ ሦስት ሰዎች መጡ። ካጽናኑን በኋላ አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መንገዱን ማን እንደመረጠ ጠየቀ። ይርጋለም ከሴቶቹ መሃል ቀና አለች። ብሩክ ከእኔ ሦስት ሰው አልፎ ተቀምጧል። አላየኝም።

«እኔ ነኝ ያጸደቅኩት» አለ።

አፌን ከፈትኩ። ይርጋለም እያየችኝ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ሰዉ ያዘነ አባት ቃል አጠረው ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ።

ብሩክ በሰኔ ከሥራው ታግዶ ከመርሳ ወጣ። የሄደ ቀን በጋራዡ በኩል አልፎ ቻው አለኝና ወደ መናኸሪያው ሄደ። ሚኒባሱ እስኪንቀሳቀስ እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ ቆምኩ።

ወልድያ ቢሮው የሄድኩት በመስከረም ነው፣ የሆነውን በሁለት ገጽ ጽፌ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ሔለን የምትባል ወጣት አነበበችውና ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ፋይሉ ተዘግቷል እኮ» አለችኝ። «ልጅዎን ያጡት እርስዎ ነዎት፤ ለምን ራስዎን ይጨርሳሉ? ይዘውት ይሂዱ።»

«ልብ በይ» አልኳት፣ «መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«ገብቶኛል» አለችና ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ።

እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። ይርጋለም አላነበበችውም።