የጎልፉ ሜዳና የአያ ነጋ ለቅሶ

ፈረንጆቹ ጠዳ ዳር ላለው የጎልፍ ሜዳቸው ክንዱን ኃላፊ አድርገው ሲቀጥሩት ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው። ክንዱም ሥራውን ወደደ። ሣሩን በማጭድ ያስተካክላል፤ በበጋ ውሃ በአህያ እያስጫነ ያጠጣል። ኳሷ የምትገባበትን ጉድጓድ ዙሪያማ እንደ ሕፃን ፀጉር ነበር የሚዳብሰው።

ሜዳው ግን ድሮ የሰፈሩ ማልቀሻ ነበር። ሰው ሲሞት ሕዝቡ እዚያ ወጥቶ፣ ክብ ሠርቶ፣ የሟቹን ፈረስ እያዞረ ደረት ይመታበት ነበር።

የሰፈሩ ሽማግሌ የአያ ነጋ ልጅ የሞተ ዕለት ለቀስተኛው እንደ ልማዱ መጣ። ክንዱ በሜዳው አጥር በር ላይ ቆሞ፣ «ምነው አያ ነጋ! ነገ ውድድር አለ፤ ይኼን ሁሉ የደከምኩበትን ሣር ልታስረግጡብኝ ነው?» አለ። ሽማግሌው ለቀስተኛውን ይዘው ወደ ድንጋያማው ተረተር ሄዱ። ፈረንጆቹ ወሬውን ሲሰሙ፣ «ምነው ሳትነግረን? ውድድሩን እናቆየው ነበር እኮ» አሉት።

ክረምቱ ሲወጣ የክንዱ እናት ሞቱ። የአጥሩን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ሜዳው መካከል ቆመ። ሰፈሩ አልቀረም፤ አያ ነጋም ከፊት ነበሩ። ግን አንድም ሰው በሩን አላለፈም። ከአጥሩ ውጭ፣ ጭቃው ላይ ክብ ሠርተው ማልቀስ ጀመሩ።

«ኧረ ግቡ! በእናቴ ሞት ግቡልኝ!» ብሎ ጮኸ።

አያ ነጋ ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ድምፃቸው ቂም አልነበረበትም።

«ሣርህ እንዳይረገጥብህ ብለን ነው፣ ልጄ።»

ክንዱ በዚያ ሸጋ ሣር ላይ ብቻውን ደረቱን መታ።