የዘይዳን ከፈን

ነዋራ ባለ ቢጫ አበባ ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ፣ ጥቁር ለብሰው ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን ሴቶች ትመልሳለች። ልጇ ሐርቢ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ድንኳን አልተጣለም፣ ቡናም አልተፈላም። በላይኛው ግብፅ፣ ቄና ከተማ አጠገብ ባለው በእኛ መንደር ደሙ ላልተመለሰ ሰው አይለቀስም፤ እናቱም ጥቁር አትለብስም።

ጥቁር ቀሚሷ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፏል። ከዚያ የሚያወጣው የታናሽ ልጇ የበድሪ ጥይት ነበር። የበድሪ ሚስት ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች።

ሴቶቹ ሲመለሱ ስለ ሟቹ ይንሾካሾካሉ። የሸንኮራ ማሳው የመስኖ ውሃ ተራ የገዳዩ የዘይዳን ነበር፣ ዶማውን ቀድሞ ያነሳውም ሐርቢ ነው ይላሉ። ነዋራ ይህን ከእነሱ በፊት ታውቀዋለች። ሐርቢ ከልጅነቱ ቁጡ ነበር፤ ከቤት የሚወጣውም እየተጣደፈ ስለሆነ ጀለቢያው ከአንድ ትከሻው ይንሸራተታል። «ቁም እንጂ» ብላ ይዛ ታስተካክልለታለች፤ እሱም እያጉረመረመ ይቆምላታል። ጥፋተኛም ቢሆን ልጇ ነው። ዘይዳንን ውሃ ስትቀዳም፣ ስትሰግድም ጠላችው።

በአርባኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ዘይዳንን አመጡት። ባዶ እግሩን ነው፤ የገዛ ከፈኑን፣ ሲሞት የሚገነዝበትን ነጭ ጨርቅ፣ በሁለት እጁ ታቅፏል። ከፈኑን የተቀበለ ቤተሰብ ደሙን ተወ ማለት ነው፤ ካልተቀበለ ግን እዚያው ይገድለዋል። በድሪ እጁን ወገቡ ላይ ወዳለው ሽጉጥ ሰድዶ እናቱን አያት። ላብ አጥምቆታል።

«የሐርቢ እናት፣ ፍርዱ ያንቺ ነው» አሏት ሽማግሌው ሐጂ ኸሊል።

ነዋራ ከፈኑን ተቀብላ ዘረጋችው፤ በክንዷም ለካችው።

«ልክህ ነው» አለችው ዘይዳንን። «በድሪን በአንተ ደም አላሳስረውም። ይህን ግን በየሳምንቱ አጥቤ ጣሪያዬ ላይ አሰጣዋለሁ። በርህን በከፈትክ ቁጥር እሱን እያየህ ትኖራለህ።»

ዘይዳን ተንበረከከ። «እናቴ፣ ከዚህስ አስገድይኝ።»

ሐጂ ኸሊል ይቅርታ እንዲህ አይደለም ብለው ሊገስጿት ሞከሩ።

«ይቅር አልኩ ወይ ሐጂ? ደሙን ተውኩ ነው ያልኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

በድሪ እጁን ከወገቡ አነሳ። የደሙ ነገር ስላለቀ ለቅሶው ተፈቀደ፤ የመንደሩ ሴቶችም ጥቁራቸውን ለብሰው ተመልሰው መጡ፤ ነዋራ የራሷን ከሳጥኑ አውጥታ ለበሰች። ሙሾ አውራጇ ብትጠብቃትም አልተቀመጠችም። ከፈኑን አጥባ ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ወጣችና በዘይዳን በር ትይዩ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። ደስ አላት፤ አርባ ቀን ሙሉ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ነፋስ መጣ። ከፈኑ በአንድ በኩል ከገመዱ ተንሸራተተ። ነዋራ ሳታስበው እጇን ሰድዳ ሳብ አድርጋ አስተካከለችው፤ በመዳፏም ዳበስ አደረገችው።

«ቁም እንጂ» አለችው።