የመኝታ ቤቴ በር

ወንድሜ በበዓሉ ቀን ጠረጴዛ አስጭኖ መጣ። ጠረጴዛ! እኔ ቤት!

«እትዬ፣ እልል በይ እንጂ!» አለኝ ገና ከመኪናው ሳይወርድ። «ቤተሰቡን ሁሉ ያስቀምጣል።»

እልል አላልኩም። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ደጃፉ ላይ ተገተርኩ።

እኛ ቤት በበዓል የሚበላው በር ላይ ነው። አባባ አናጺ ነበር። ይህን ቤት ሲሠራ ለትልቅ ጠረጴዛ የሚሆን እንጨት አልተረፈውም፤ ስለዚህ የመኝታ ቤቱን በር ሽቅብ ሲያነሱት ከማጠፊያው እንዲወጣ አድርጎ ገጠመው። በበዓል ቀን እናወርደዋለን፣ ሁለት ሳጥን ላይ እናጋድመዋለን፣ ጨርቅ ጣል እናደርግበታለን፣ በቃ ገበታ ሆነ። ልጆች እንዳይጎረጉሩት የቁልፉ ቀዳዳ ላይ የጨው ዕቃ እናስቀምጣለን። የአባባ ሕግ አንድ ነበረች፦ የሚበላ ሁሉ በሩ ሲወርድ ይሸከማል። ጨቅላ እንኳ ቢሆን እጁን ይዘው ያስነኩታል። «መመሰጋገን ለማያውቅ ቤተሰብ ይሄ ይበቃዋል» ይል ነበር።

አሁን በቤቱ የምኖረው እኔ ነኝ። በሩም የእኔ መኝታ ቤት በር ነው።

«በሩስ?» አልኩት።

«በሩማ ይረፍ! አንቺም እንደ ሰው ዘግተሽ ተኚ። ለአንቺ ብዬ እኮ ነው፣ ለልፋትሽ።»

«ዘግቼ እንደማልተኛ ማን ነገረህ?»

አብራው የመጣችውን ታናሽ እህታችንን፣ ነርሷን፣ በዓይኑ ጠቆማት። ባለፈው በዓል ማግስት ብቅ ስትል በሩ ግድግዳ ተደግፎ፣ እኔ ደግሞ ወገቤን ይዤ ተጋድሜ አግኝታኝ ነበር። አሁን መሬት መሬት ታያለች።

ደሜ ፈላ። ለመብላት ሲሆን ሁሉም ተሸካሚ ነው። ከበሉ በኋላስ? «ልጆቹ ደከሙ»፣ «ነገ ሥራ አለብኝ» ብለው ጉንጬን ስመው ውልቅ! መልሶ የሚገጥመው አባባ ነበር፤ ከእሱ ወዲህ እኔ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሰው ልብስ ስተኩስ የምውል ሴትዮ፣ ያን የሚያህል በር በጉልበቴ ደግፌ ከማጠፊያ ጋር ስታገል! የላዩ ሲገባ የታቹ ያመልጣል፣ የታቹ ሲገባ የላዩ።

«ይዘኸው ሂድ» አልኩት።

«እትዬ፣ በበዓል ምድር አይቆጡ» አለች ሚስቱ።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ! እኔ ጠረጴዛ አምጣልኝ ብዬዋለሁ? በሩን መልሳችሁ ግጠሙልኝ ነው እኔ የምለው!»

«መቼ አልሽ?» አለ ወንድሜ።

«ይሄ ይነገራል እንዴ? የበላችሁበትን አንሱ ተብሎ ለትልቅ ሰው ይነገራል?»

ኮቱን አውልቆ ለሚስቱ ሰጣት፤ ገብቶ የበሩን ጠርዝ ያዘ። «ኑ፣ ተሸከሙ» አለ። ተሸከምን። በላን። እኔ ምግቡን የማቀርበው ሳህኑን እያንኳኳሁ ነበር።

በልተን ስንጨርስ ሚስቱ እንደ ልማዷ ቦርሳዋን አነሳች።

«ተቀመጪ» አላት ወንድሜ።

በሩን ከነርሷ ጋር አነሱት። እኔ ከውስጥ ቆሜ አዛለሁ።

«ወደ ግራ!»

«ይሄ እኮ ግራ ነው እትዬ!»

«የእኔን ግራ ነው የምልህ!»

«አንቺማ ግራሽም ካንቺ ጋር ተጣልቷል!» አለ እያለከለከ። ነርሷ ተንበርክካ የታቹን ማጠፊያ ስታይ ሳቋ አመለጣት፤ በሩም አመለጠ፣ ጣቱን ቆነጠጠው፣ ጮኸ። ይበለው! እኔን ስንቴ ቆንጥጦኛል።

በመጨረሻ ገባ። ወንድሜ ከውጭ በኩል ጎትቶ ዘጋው።

«ያዘ ወይ?»

«ያዘ» አልኩ። «ጠረጴዛህን ግን ትወስደዋለህ!»

«እሺ፣ እወስደዋለሁ። ክፈቺ በይ።»

አልከፈትኩለትም። ንዴቴ ገና አልወጣልኝም ነበር። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የተዘጋውን በር ሳይ ቆየሁ። ከበሩ ጀርባ ወንድሜ ለጣቱ በረዶ አምጡልኝ ይላል፤ ነርሷ ትስቅበታለች፤ ሚስቱ ሳህን ታጥባለች።

አልሄዱም።