የሃርላን ቀለሆች

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የጠመንጃው መቀርቀሪያ ለአምስተኛ ጊዜ አልዘጋም አለ። ዴልፋ በመዳፏ ገፋችው፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ባዶዋን ቀለህ አወጣችና አገላብጣ አየቻት። ባሩድም እርሳስም ገና አልገባባትም። አማቷ ኦርቪል እንዳዘዟት አንገቷን ብቻ ነው ያጠበበቻት።

«ጠመንጃሽ ነው» አሉ ኦርቪል ከወንበራቸው ሳይነሱ። «አርጅቷል። ይቅርብሽ።»

«እኔም አርጅቻለሁ፤ ማን ይቅርብሽ አለኝ?» አለች።

ኦርቪል ሲፈልጉ አይሰሙም።

ባሏ ሃርላን ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሲሞት እዚህ ሞንታና ያለውን ቤት፣ ጫካውንና አባቱን ጥሎላት ሄደ። የኦርቪል ልብ ደካማ ነው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን አይተዉም። ዴልፋ ከግቢው በር የምታልፈው ለአስቤዛ ነው፣ እሱም እየሮጠች። በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ የአጋዘን አደን በሚከፈትበት ቅዳሜ፣ የኦርቪል ልጅ ሜርና መጥታ እስከ ማታ ከአባቷ ጋር ትቀመጣለች። ያ ቀን የዴልፋ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳህን ስታጥብ የምታስበው ያንን ቀን ነው።

ዘንድሮ ግን ጥይት የለም። ድሮ ሃርላን ነበር ምድር ቤት ቁጭ ብሎ የተተኮሰውን ቀለህ መልሶ የሚሞላው። እሱ የሞላው አለቀ፤ ከተማ ያለው ሱቅ ደግሞ ከፀደይ ወዲህ የዚያን ዓይነት ጥይት ዓይኑን አላየም። የቀረው አንድ የቡና ጣሳ ሙሉ ባዶ ቀለህና የሃርላን የቀለህ መጭመቂያ መሣሪያ ነው። ዴልፋ ሠላሳ ዓመት ከዚያ መጭመቂያ ሥር ወለል ጠርጋለች እንጂ እጀታውን ነክታው አታውቅም።

መጭመቂያው ላይ የሚታሰሩ ሁለት ማጥበቂያ ብረቶች አሉ። አንዱ የቀለህን አንገት ብቻ ያጠባል። ሌላው ከአንገት እስከ ቂጥ መላ አካሏን ይጨምቃል።

«አንገት ብቻ» ብለው ነበር ኦርቪል። «ሃርላን ሌላ ነገር አድርጎ አያውቅም። ቀለህ ዕድሜ የሚኖራት እንደዚያ ነው። ሁለመናዋን ከጨመቅሻት ቶሎ ትሰነጠቃለች።»

ሐሙስ ጠዋት ዴልፋ ከተማ ላለው የመሣሪያ ሱቅ ባለቤት ለሉት ደወለች።

«ቀለሆቹ የተተኮሱት በማን ጠመንጃ ነው?» አላት።

«በሃርላን።»

«እሱ ጠመንጃ የት አለ?»

«ኦርቪል ለወንድማቸው ልጅ ሰጡት። በቀብሩ ሳምንት።»

«በቃ፣ ችግርሽ እሱ ነው። ቀለህ ሲተኮስ ያብጥና የተተኮሰበትን ጠመንጃ ጉሮሮ ይመስላል። ለዚያው ጠመንጃ ከሆነ አንገቱን ማጥበብ ይበቃል። ያንቺው ግን ጉሮሮው ጠባብ ነው። አንገቱን ብታንቂው ሆዱ የት ይግባ?»

«አንተም ለሆድህ መላ አላገኘህለትም።»

ሉት ሳቀ። «ስሚኝ። መላ አካሉን በሚጨምቀው አድርጊው። ባሩዱንም ከጥይት አሞላል መጽሐፉ ዝቅተኛውን መዝነሽ ጀምሪ። ቅባት ግን እንዳትረሺ። ያለ ቅባት ካስገባሻት እዚያው ትቀረቀርና ቅዳሜሽን ትበላዋለች።»

ቅባቱን ታውቀዋለች። ከበግ ጸጉር የሚወጣ ቅባት ነው፤ አረንጓዴ ጣሳ ውስጥ ሆኖ ምድር ቤት መስኮቱ ጥግ ይቀመጥ ነበር። ወረደች። አቧራው ላይ ክብ ምልክት አለ፤ ጣሳው የለም።

«አባባ፣ ቅባቱ የት ሄደ?»

«አይጥ በላው።»

«ከነጣሳው?»

«የሞንታና አይጥ ነው።»

ሌላ ሴት ብትሆን እዚያ ላይ ትተወው ነበር። ዴልፋ ግን አንዴ እሠራዋለሁ ካለች በሬ አይመልሳትም። ዓርብ ጠዋት ኦርቪልን ቁርስ አብልታ፣ ከማዕድ ቤት የምግብ ዘይት ይዛ ወረደች። ቀለህዋን ቀባቻት፣ እጀታውን ተጫነችው። እየከበደም ቢሆን ገባች። ልታወጣት እጀታውን ወደ ላይ ስታነሳ ግን ንቅንቅ አልል አለ። በሁለት እጇ፣ ከዚያ በትከሻዋ ሳበችው። ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የቀለህዋ ጠርዝ ተቦጭቆ መያዣው ላይ ቀረ። ቀለህዋ ብረቱ ውስጥ ናት። ዓርብ ነው፣ ሱቁ አርባ ማይል ነው፣ ኦርቪልን ትታ መሄድ አትችልም። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከበላይዋ የኦርቪል ምርኩዝ ወለሉን ሲመታ ሰማች፤ ቀስ እያለ ደረጃው ራስ ላይ ደረሰ።

«ተቀረቀረች?»

«ተቀረቀረች።»

«በምን ቀባሻት?»

«በምግብ ዘይት።»

«ድንች ልትጠብሺ ነው? ፍቺውና ወደ ላይ አምጪው።»

ማጥበቂያ ብረቱን ከነቀለህዋ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትሠራለች። መጀመሪያ መሃል ያለውን ዘንግ አስፈቷት። የቀለህዋን ቂጥ በመሰርሰሪያ አስበሷት፣ ቀዳዳው ውስጥ የቡሎን ጥርስ አስወጧት፣ ቀለህዋን ስቦ የሚያወጣ ቡሎን አስገብታ በመፍቻ እንድታጠብቅ አደረጉ። አጠበቀች። አጠበቀች። ቀለህዋ ድንገት ተፈናጥራ ወጣች። ኦርቪል አነሷትና በአውራ ጣታቸው አሻሿት።

«ሌሎቹንም ልትጨምቂያቸው ነው?»

«አስር ብቻ። ለነገ።»

«የልጄ ጠመንጃ ቅርጽ ነው ያለባቸው።»

«ጠመንጃውን የሰጡት እርስዎ ነዎት።»

«ላየው አልፈለግኩም ነበራ። እነዚህን ረስቻቸው ነው።»

ዴልፋ መፍቻውን አስቀመጠች። «ምክንያትዎ ይሄ ብቻ አይደለም አባባ።»

«አይደለም» አሉ። ቀለህዋን ጠረጴዛው ላይ አቆሟት፤ ወደቀች። «መቀርቀሪያው ከተዘጋልሽ ትሄጃለሽ። አምና ስትመለሺ ፊትሽን አይቼዋለሁ። ዘንድሮ ከሄድሽ አትመለሺም።»

እመለሳለሁ ማለት ነበረባት።

«ቅባቱን ይስጡኝ» አለች።

ኦርቪል ከሹራባቸው ኪስ አረንጓዴውን ጣሳ አወጡ። በገላቸው ሙቀት ሞቋል።

«በጣት ጫፍ፣ ስስ አድርገሽ» አሉ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። «ከበዛ የቀለህዋ ትከሻ ይጎደጉዳል።»

አስሩ ቀለሆች አንድም ሳይቀረቀር ገብተው ወጡ። እያንዳንዷን ባዶዋን ጠመንጃው ውስጥ ሞከረቻት፤ መቀርቀሪያው በሁለት ጣት ተዘጋ። ከዚያ ሞላቻቸው። ባሩዱን እየመዘነች ቁጥሩን ጮክ ብላ ስትናገር ኦርቪል ከመጽሐፉ ጋር እያስተያዩ «እሺ» ይሉ ነበር።

ቅዳሜ ሜርና በማለዳ መጣች። «ሂጂ፣ ሂጂ። ፊትሽ ጓዳ የከረመ ድንች መስሏል» አለቻት። ኦርቪል ገና አልተነሱም፤ ወይም የተነሱ መምሰል አልፈለጉም። ዴልፋ ማታ ጥይቶቹን ኪሱ ከታ በር ላይ የሰቀለችውን ካፖርቷን ለብሳ፣ ጠመንጃዋን ይዛ ወጣች።

መገንጠያው ላይ መኪናዋን አቆመች። ግራው ወደ ተራራው ነው፣ ቀኙ ወደ ዋናው መንገድ። ነዳጁ ሙሉ ነው። ሞተሩን ሳታጠፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ ግራ ዞረች፤ ከአጋዘኑ በኋላም ወደ ቀኝ መዞር ይቻላል ብላ።

ሦስት ሰዓት ላይ በረዶው ላይ ትኩስ ዱካ አገኘች። ትልቅ አጋዘን ነው፣ ወደ ላይ ወጥቷል። ስሟን የሚጠራ የለም። ጥይት ልታወጣ እጇን ኪሷ ስትከት ግን ጣቶቿ የማታውቀው ነገር ነኩ። አወጣችው። የኦርቪል የልብ መድኃኒት ማስቀመጫ ነው፣ የየቀኑ ክፍል ያለው። የቅዳሜ የስድስት ሰዓቱ ኪኒን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል። እሷ አላስገባችውም። ሜርና የት እንደምትፈልገው አታውቅም፤ ስልኩ እዚህ አይሠራም፤ ሽማግሌው ደግሞ ቢሞቱም አይናገሩም።

ዴልፋ ዱካውን አየች፣ ወደ ታች የቤቱን ጭስ አየች። እስከ ኪኒኑ ሦስት ሰዓት አላት፣ ከዚያ ላይ አንዱ የመመለሻ ነው።

መድኃኒቱን ደረት ኪሷ ከተተችና ቆለፈችው። አንድ ጥይት አጎረሰች። መቀርቀሪያው ምንም ሳያንገራግር ተዘጋ። ከዚያ ዱካውን ተከተለች፣ አዳኝ መሄድ ከሚገባው በላይ እየፈጠነች።